ኦርጋኒክ አሲዶች ፎስፈረስን ከቀይ አፈር የሚያላቅቁበትን መንገድ እንዴት እንደፈተሽሁ

በምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ የሚጨመረው ፎስፌት ከብረትና ከአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ጋር ስለሚጣበቅ ለሰብሉ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። ግብጦ ግን በዚሁ አፈር ላይ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል፤ ዘለላ መሰል ሥሮቹ ሲትሪክ አሲድ ያመነጫሉና። እኔ መለየት የፈለግሁት ፎስፈረሱን የሚያላቅቀው የፈሳሹ አሲዳማነት ነው ወይስ የአሲዱ ሞለኪውል ራሱ የሚለውን ነበር።

አፈሩን በጥላ አድርቄ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ከነፋሁ በኋላ፣ ለ1 ኪሎ አፈር 10 ሊትር በሚሆን መጠን ከሲትሪክ፣ ከኦክሳሊክ፣ ከማሊክና ከአሴቲክ አሲድ የ10 ሚሊሞላር (በ1 ሊትር 10 ሚሊሞል አሲድ ያለው) ፈሳሾች ጋር ለየብቻ በጠበጥሁት። የሁሉንም ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 5.5 ላይ አስተካክዬ፣ በተመሳሳይ ፒኤች የተዘጋጀ ፖታሲየም ክሎራይድን ማነጻጸሪያ አደረግሁ። ሲትሪክ አሲድ ከሁሉም ብዙ ፎስፈረስ ሲያላቅቅ፣ አሴቲክ አሲድ ከማነጻጸሪያው እምብዛም አልተለየም። ሲትሪክ አሲድ ብረትንና አሉሚኒየምን የሚይዝባቸው ሦስት የካርቦክሲል ክፍሎች ሲኖሩት አሴቲክ አሲድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ተጣርቶ በወጣው የሲትሪክ ፈሳሽ ውስጥም ሁለቱ ብረታ ብረቶች ከፎስፈረሱ ጋር አብረው ጨምረው ተገኝተዋል። ፒኤቹ እኩል ስለነበር ልዩነቱን ያመጣው የአሲዱ ሞለኪውል ራሱ ነው።

ብዙ ጥንቃቄ የጠየቀው ልኬቱ ነው። ከ1962 ጀምሮ ፎስፈረስን ለመለካት የሚሠራበት የመርፊና የራይሊ ዘዴ ፎስፌት ከሞሊብዴነም ጋር በሚፈጥረው ሰማያዊ ቀለም ድምቀት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሲትሬት (ሲትሪክ አሲድ በዚህ ፒኤች የሚይዘው መልክ) ሞሊብዴነሙን ስለሚይዘው ቀለሙ ይደበዝዛል። ስለዚህ መለኪያ ስታንዳርዶቹን (የፎስፈረስ መጠናቸው የታወቀ ፈሳሾችን) በዚያው አሲድ ውስጥ አዘጋጀሁ፣ ተጣርቶ የወጣውንም ፈሳሽ አቀጠንሁ፣ የታወቀ መጠን ያለው ፎስፌት ጨምሬም ምን ያህሉ እንደሚመለስ አረጋገጥሁ። ይህ ካልተደረገ ብርቱው አሲድ ደካማ መስሎ ይታያል። ሲትሬትን ረቂቅ ተሕዋስያን በሰዓታት ውስጥ ስለሚበሉት መበጥበጡንም አሳጠርሁት።

መጠኑን ወደ 0.1 ሚሊሞላር ዝቅ ሳደርገው የሲትሪክ አሲዱ ውጤት ጠፋ ለማለት ይቻላል፤ አፈሩ በመጀመሪያ ሲትሬቱን ራሱን ይይዘዋል። በአብዛኛው ሰብል ሥር ዙሪያ የሚገኘው ደግሞ ከዚህም ያነሰ በመሆኑ፣ የ10 ሚሊሞላሩን ውጤት ለስንዴና ለበቆሎ ማዋል ልክ አይመስለኝም። ሎሚ ማሳ ላይ ብንረጭስ ለሚሉም ስሌቱ ይኸው፦ ያንኑ የ10 ሚሊሞላሩን መጠን የ1 ሄክታር የላይኛው 20 ሳንቲሜትር አፈር፣ ማለትም 2,000 ቶን ያህል፣ ላይ ለማድረስ 38 ቶን ገደማ ሲትሪክ አሲድ ያስፈልጋል። ግብጦ ይህን የሚያደርገው ሥሩን በከበቡት ጥቂት ሚሊሜትሮች ውስጥ ብቻ ነው።