በልግ የገባ ዕለት

ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚወጣው መንገድ ግርጌ አንድ የግል ዓሣ እርባታ ውስጥ እሠራ ነበር። መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሌሊቱን ወርዶ አደረ። ጠዋት ስንገባ የቆሮሶ ጫጩቶቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። በትልልቆቹ ገንዳ ግን አንድም አልሞተም፤ ሁለቱም ውሃ የሚያገኙት ከአንድ ቦይ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ወዲያው «መርዝ የጨመረ ሰው አለ!» ብሎ ዘበኛው ላይ አፈጠጠ። በእኛ ዘንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌሊት ያደረው ሰው ነው። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ስንት ወር ዝናብ ያላየ አስፋልት ታጥቦ ነው የገባባችሁ። እኛ ቤት የቆርቆሮውን የመጀመሪያ ውሃ በርሜል ውስጥ አናስገባም» አሉ።

ቦዩን ተከትዬ ወጣሁ። አፉ ከመንገዱ ዳር ፍሳሽ ጋር ተገናኝቷል፤ ጥቁር ዝቃጭ ተጋግሮበት የዘይት ቀለም ያብረቀርቃል። ደንገጎን የሚያውቅ አይገረምም፤ የጭነት መኪና ያንን ቁልቁለት ፍሬን እየያዘ ነው የሚወርደው። ከፍሬን ሸራው መዳብ፣ ከጎማው ዚንክ፣ ከሞተሩ ዘይት በበጋው ሁሉ ይከማቻል። የጫጩቶቹ ገንዳ ጥልቀት ስለሌለው ቆሻሻውን የሚያቀጥን ውሃ አልነበረውም፤ የሚተነፍሱበት ስንጥባቸውም ገና ስስ ነው።

በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ ኮሆ ሳልሞን የተባሉት ዓሦች ከዝናብ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሲያልቁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፦ ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመረው 6ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል በአየር ውስጥ ካለው ኦዞን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር መርዝ። ቹም የተባለው ሳልሞን ግን ያንኑ ፍሳሽ ይቋቋመዋል። ስለዚህ የእኛን ጫጩቶች የፈጀው ይኸው ነው ብዬ አልምልም፤ መዳቡም፣ ዘይቱም፣ የኦክስጅን እጥረቱም ተጠርጣሪዎች ናቸው።

የእነዚያው ተመራማሪዎች መፍትሔ ግን ለእኛም ሠራ። ፍሳሹ በአሸዋና በብስባሽ አፈር ውስጥ ሲጣራ ኮሆዎቹ ተርፈው ነበር። እኛም የአሸዋና የአፈር ማጣሪያ ሠራን፤ ቦዩ ላይ መዝጊያ አስገጠምን፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ወደ ሜዳ ይሄዳል። መዝጊያውን የመክፈትና የመዝጋት ኃላፊነት ለሽማግሌው ተሰጠ። ደመወዛቸው ላይ ግን ሳንቲም አልተጨመረም፤ ይቅርታ የጠየቃቸውም የለም።