ለቢሮ ቡድናችን ከበረዶ ሆኪ የተዋስኩት

የቢሮአችን የእግር ኳስ ቡድን አምስት ለአምስት ነው የሚጫወተው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለው ቢሮ ስንወጣ፣ ወደ ሜክሲኮ በኩል ያለች በሽቦ የታጠረች የሲሚንቶ ሜዳ እንከራያለን። ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ወዲህ አሰልጣኙ እኔ ነኝ። ደመወዝ የለውም፤ ስድብ ግን አለው።

ችግራችን ሁሌም አንድ ነበር። የመጀመሪያውን አጋማሽ እናርበደብዳለን፤ በሁለተኛው ሁሉም ወገቡን ይዞ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ሰው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ውስጥ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ ሲሮጥ ቢደክመው አይፈረድበትም። ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ደረጃ እንውጣ ተባለ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም መጣ። ከዚያ እኔና አንድ የሒሳብ ክፍል ልጅ ብቻ ቀረን።

መፍትሔው የመጣው ካናዳ ከሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። የሆኪ ፍቅር ይዞታል። የሚልክልኝን ቪዲዮ መጀመሪያ የማየው ለይሉኝታ ነበር፤ ያቺን በኳስ ፈንታ የሚመቷትን ጥቁር ጎማ በዓይን መከተል ራሱ ሥራ ነው። ቀልቤን የሳበው ተጠባባቂ ወንበሩ ነው። በሆኪ በረዶው ላይ የሚሆኑት በረኛውን ጨምሮ ስድስት ናቸው። ጨዋታው ሳይቆም ይቀያየራሉ፤ ለቅያሪ ቁጥር ገደብ የለውም። አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር የሚቆየው 45 ሰከንድ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ያለውን አራግፎ ይወጣል፣ ይተነፍሳል፣ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሌክ ፕላሲድ ኦሎምፒክ ላይ ኸርብ ብሩክስ ወጣት አሜሪካውያንን ይዞ ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 ሲረታ፣ አንዱ መሣሪያው ይህ አጭር ዙር ነበር።

ፉትሳልም፣ ማለትም የእኛው የአምስት ለአምስት እግር ኳስ፣ ቅያሪ አይገድብም። እኛ ዘንድ ግን ሰው የሚቀየረው ሲደክም ወይም ሲያበላሽ ነው። ተቀይሮ መውጣት ክብር ይነካል። "ምን አጠፋሁ?" የማይል የለም፤ አኩርፎ ማልያውን አውልቆ የሚሄድም አይቻለሁ።

ስለዚህ ከበረኛው ውጭ ያሉትን አራት አራት አድርጌ ከፈልኳቸው። አንዱን ለገሃር፣ ሌላውን ሜክሲኮ አልኳቸው፤ አንደኛና ሁለተኛ ብል ጦርነት ነበር። በየሦስት ደቂቃው አራቱ አብረው ይወጣሉ፣ አራቱ አብረው ይገባሉ። ጎበዞቹን አንድ ላይ አላደረግኩም። በየምድቡ አንድ ኳስ የሚይዝ፣ አንድ የሚሮጥ፣ አንድ ደግሞ የሚጮህ መኖር አለበት። የሚጮኸው ከሁሉም ይበልጣል።

አራት ሰው አብሮ ሲወጣ ማንም ምን አጠፋሁ አይልም። የክፍል ኃላፊያችን ሜክሲኮ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ሰዓቱ ደርሶ ስጠራቸው "ቆይ እንጂ፣ ገና አሁን ሞቀኝ" አሉኝ። "ጋሼ፣ ሦስቱ እኮ ወጥተዋል" አልኳቸው። ወጡ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ!

ከባዱ መቼ መቀየር እንዳለበት ማወቅ ነው። በሆኪ ጎማዋ ተጋጣሚ ክልል ውስጥ ጠልቃ ካልገባች መቀየር አደጋ አለው። በሦስቱ የ20 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች መካከል ቡድኖቹ ጎል ይቀያየራሉ፤ ወንበራቸው ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከራስ ጎል እስከ ወንበሩ ያለው መንገድ ይረዝማል። የደከመ ቡድን እዚያ ከታገተ መውጫ የለውም። በፉትሳል ደንብ በእረፍት ወንበርም ይቀያየራል። እኛ ሜዳ ግን ያን ሁሉ ቦርሳና ጃኬት ማን ያነሳል? ስለዚህ ዕጣ ከወጣልን ረጅሙን መንገድ በመጀመሪያው አጋማሽ፣ ጉልበት ሳለን እንጨርሰዋለን። ኳስ በእኛ የሜዳ ክልል ካለች ደግሞ ሦስት ደቂቃው ቢያልፍም ቅያሪ የለም።

ሌላው የተዋስኩት ኳስ የያዘን ተጋጣሚ አጫጫን ነው። ሆኪ ውስጥ 1-2-2 የሚባል አሰላለፍ አለ፤ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከመሐል፣ ሁለት ከኋላ። የፊተኛው ሰው ሥራ መንጠቅ አይደለም፤ ባለ ኳሱን ወደ ጠርዝ መምራት ነው። ከእሱ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ናቸው የሚነጥቁት። እኛ አራት ስለሆንን 1-2-1 አደረግኩት። አጥቂያችን ኳስ ባየ ቁጥር ዘሎ ስለሚገባ ልምምድ ላይ መንጠቅ ከለከልኩት። "ወደ ሽቦው" ካልኩ ተጋጣሚው ወደ ሽቦው እንዲያቀብል ማስገደድ ብቻ ነው ሥራው። "ኮች፣ ታዲያ እኔ መቼ ነው ኳስ የምጫወተው?" እያለ ነጭናጫ ሆኖ ነበር። አሁን ቀጥ ብሎ ሳይሆን በጎን ዞሮ ነው የሚመጣው። የሚቆርጠው ኳስ ባይጨምርም፣ ከኋላው ያሉት የሚያገኙት በዝቷል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በዣክ ለሜር የሚሠለጥነው የሆኪ ቡድን ኒው ጀርሲ ዴቪልስ መሐል ሜዳውን ዘግቶ፣ በፍጻሜው ዲትሮይትን አራት ጨዋታ አራቱንም አሸንፎ የሰሜን አሜሪካውን ሊግ ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ወስዷል። ለተመልካች እንቅልፍ ያመጣል። እኛም እየመራን የመጨረሻ ደቂቃዎች ሲቀሩ ብቻ እንጠቀምበታለን። ጎማዋን ወደ ተጋጣሚ ጥግ ወርውሮ የመከተሉን ነገር ግን ትቼዋለሁ። እዚያ ግድግዳው ይመልሳታል፤ እኛ ዘንድ ኳሷ መስመር ታልፍና ለተጋጣሚ ትሰጣለች።

ሰሞኑን ተጋጣሚዎቻችንም በአራት በአራት መቀየር ጀምረዋል። በሰሜን አሜሪካው ሊግ ጨዋታ በቆመ ጊዜ እንግዳው ቡድን ቀድሞ ሰው ያሰልፋል፤ ባለሜዳው አይቶ ይመርጣል። እኛ እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። ባለፈው እኔና የዚያኛው አሰልጣኝ አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም ስንጠባበቅ ሜዳ ውስጥ ያሉት ስምንቱም "ኧረ ኮች!" ብለው ጮኹብን። አሁን ሦስት ደቂቃ ካለፈና ኳስ በእነሱ የሜዳ ክልል ካለች፣ ያኛው ምንም ያስብ ምን እቀይራለሁ።