ቪዲዮ ላይ ያለው እኔ ነኝ እንዴ?

ቮይስ ሜሴጅ ልኬ መልሼ አልሰማውም፣ በፍፁም። የተቀዳ ድምፁን የማይወድ ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስናወራ እኮ የራሳችንን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ነው የምንሰማው፣ አጥንቱ ደሞ ወፈር ያደርገዋል፣ ሪከርድ ላይ ያ ስለሌለ ቀጠን ያለ የማናውቀው ድምፅ ይወጣል። እሺ ይሄ የሁሉም ነው። ኦቲዝም ላለብን ግን (ሁላችንም ባንሆን) ሌላ ነገር ይጨመርበታል።

እኔ ሳወራ ውስጤ ሞቅ ብሎት ነው፣ ፊቴም የሳቀ ይመስለኛል፣ ቪዲዮው ላይ ግን ፊቴ ምንም አይልም፣ ድምፄ ከፍ ዝቅ ሳይል ይሄዳል፣ አይኔ ከካሜራው ውጪ የሆነ ቦታ፣ የግራ እጄ ጣቶች ደሞ የሹራቤን ጫፍ እየጠቀለሉ እየፈቱ። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ደህና ለመምሰል የደከምኩት ለምኑ ነው?! ጣቶቼን እንኳን አልጠላኋቸውም፣ የሚያረጋጋኝ እሱ ነው፣ የሚያስጠላኝ ቪዲዮውን አይቼ ሰዎች እንዴት ሲያዩኝ እንደነበር ማሰላሰሌ ነው። "ትለምጂዋለሽ" የሚሉኝ ደሞ ያናድዱኛል።

ዙም ላይ የራስን ምስል መደበቂያ አለ፣ ሌላው ያይሻል አንቺ ራስሽን አታዪም፣ ስብሰባ ስገባ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው።