የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና አንድ ቃል

አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ዐውደ ርእይ የመግለጫ ጽሑፍ ሳዘጋጅ በእጄ ካለፉት ሥራዎች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት የነበሩት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ መግለጫ ነው። በሐር የተጠለፈው የጥጥ ቀሚስ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለሚገኝ እኛ ለማሳየት ያቀድነው ፎቶግራፉንና ሽሮ ሜዳ ያሠራነውን ቅጂ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች፤ ከዚያ የተጋዘውን ንብረት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገዋል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ «የተዘረፈ» የሚለውን ቃል ትቼ «ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ የተወሰደ» ብቻ ብዬ ጻፍሁ። ኃላፊያችን ይህንንም በቀይ ብዕር ሰርዘው «የተገኘ» አሉበት።

«ልጄ፣ እንግዶች የሚያነቡት ነው፤ ‹ተወሰደ› ክስ ይመስላል፣ ‹ተገኘ› ግን ማንንም አያስቀይምም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሚገኝ እኮ የጠፋ ነገር ነው፤ ይህ ቀሚስ ባለቤት ነበረው እንጂ አልጠፋም ነበር» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል» ብለው ዝም አሉ። ያን ጊዜ መጽናት ሲገባኝ ወረቀቱን ተቀብዬ ፈረምሁ።

በማግስቱ ቅጂውን ለመረከብ ሽሮ ሜዳ ስሄድ ጠላፊዋ የእጅጌውን ጫፍ እየጨረሱ ነበር። ገልብጠው ውስጡን አሳዩኝ፤ አንድም የተንጠለጠለ ክር አልነበረበትም። «ባለቤቷ ምን ደረሰች?» ብለው ጠየቁኝ። መቅደላ በወደቀች በወሩ ገደማ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ እንዳረፉ፣ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት እንደተቀበሩ፣ የ7 ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ እንደሞተ ነገርኋቸው። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ለአፍታ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እሱስ የእናቱን ቀሚስ እዚያ አገር አይቶት ይሆን?» አሉኝ።

ዐውደ ርእዩ በተከፈተ ቀን ከመስታወቱ አጠገብ ቆሜ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ «ተወሰደ» እያልሁ በቃሌ አስረዳሁ። ታትሞ የተለጠፈው ግን እኔ የፈረምሁበት «የተገኘ» ነበር።