አራት ወር ከካልሳይትና ከቀስቶች ጋር

ኪዩቡ የተበላሸ መስሎኝ ልመልሰው ነበር።

ጎኑ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ የመስታወት ኪዩብ ነው። ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ፕሪዝሞች በሰያፍ ፊታቸው ተጣብቀው ይሠራል። መገናኛቸው ላይ ዓይን የማይለየው ስስ ንብርብር አለ። የሚገባውን ብርሃን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ሌላው 90 ዲግሪ ታጥፎ በጎን ይወጣል። ሁለቱም ፖላራይዝድ ሆነው ነው የሚወጡት፤ ማለትም እያንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይርገበገባል። ቀይ ሌዘር ፖይንተሬን አነጣጥሬ ለቀቅኩበት። ግድግዳው ላይ አንድ ደማቅ ነጥብ አረፈ። በጎን በኩል ግን ከምንም የማይቆጠር ድንግዝግዝ ያለ ነገር ብቻ። እኔ የጠበቅኩት ግማሽ በግማሽ ነበር።

ወለወልኩት፣ ገለበጥኩት፣ ተነጫነጭኩ። ከዚያ ፖይንተሩን ሳስተካክል እጄ ውስጥ ተሽከረከረ። የጎኑ ነጥብ ቦግ አለ፣ የፊተኛው ደበዘዘ። ሩብ ዙር ስጨምርለት ደግሞ ተቀያየሩ። ለካ ኪዩቡ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው! ሌዘሩ ነው ቀድሞውኑ ፖላራይዝድ የሆነው። የፖይንተር ዳዮድ ሌዘሮች ጸባያቸው ነው። 45 ዲግሪ አዘንብዬ ሳስረው ሁለቱ ነጥቦች እኩል ሆኑ።

የሚያሳፍረው፣ ይህ የመጀመሪያ ስህተቴ አለመሆኑ ነው። ፕሪዝም ዲዛይን መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ሁልጊዜ የምሰናከለው እዚያችው ድንጋይ ላይ ነው። አንግሉን አሰላለሁ፣ ቁጥሩ ያምራል። ብርሃኑ የሚርገበገበው ወዴት እንደሆነ ግን ሳልጠይቅ አልፋለሁ።

መነሻዬ ካልሳይት ነው። የዘርፉም መነሻ እሱ ነው። ዴንማርካዊው ኤራስመስ ባርቶሊን ከአይስላንድ በመጣ ጥርት ያለ ካልሳይት ውስጥ የታየ ነገር ሁለት እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1669 ጽፏል። የእኔዋ ቁራጭ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላት። ጽሑፍ ላይ ሳስቀምጣት እያንዳንዱ ፊደል መንታ ይሆናል። በመንታዎቹ መካከል ያለውን በማስመሪያ ለካሁት፤ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስሌቱም ይህንኑ ይላል። በተፈጥሮ የተሰነጠቀው ገጽ ላይ ብርሃን ቀጥ ብሎ ሲገባ፣ ሁለተኛው ጨረር ከመጀመሪያው 6.2 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። ስለዚህ ውፍረቱን በ0.11 ማባዛት ነው።

ቁራጯን ስታዞሯት አንደኛው ምስል ካለበት አይነቃነቅም፣ ሌላው ዙሪያውን ይዞረዋል። የማይነቃነቀው ኦርዲናሪ ጨረር ይባላል፤ ኦ ልበለው። ዟሪው ኤክስትራኦርዲናሪ ነው፤ እሱን ኢ ልበለው። በቢጫ ብርሃን፣ በ589 ናኖ ሜትር፣ የኦ የስብረት ቁጥር (ብርሃን ድንጋዩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘገይና እንደሚታጠፍ የሚነግረን ቁጥር) 1.658 ነው። የኢ ቁጥር እንደ አቅጣጫው ይለያያል፤ ዝቅተኛው 1.486 ነው። ኢ ወደዚህ የሚወርደው የኤሌክትሪክ መስኩ ከክሪስታሉ ዘንግ (ብርሃን ለሁለት ሳይከፈል ከሚያልፍበት አቅጣጫ) ጋር ትይዩ ሆኖ ሲርገበገብ ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያኔ አንብቤያት ነበር። አንብቤያት አለፍኩ እንጂ አልገባችኝም።

ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) የሌላችሁ፣ አብዛኛው ኤልሲዲ ስክሪን ያገለግላችኋል። የሚያወጣው ብርሃን ፖላራይዝድ ነው። ጥቁር ገጽ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ክፈቱና ካልሳይቱን በላዩ አስቀምጡ። ስታዞሩት አንደኛው ነጥብ እየከሰመ ይጠፋል፣ ሌላው እየደመቀ ይመጣል። በየ90 ዲግሪው ተራ ይቀያየራሉ። ስንት ሌሊት ይህንን ብቻ ስሠራ እንዳመሸሁ አልናገርም።

ሁለቱ ጨረሮች አንድ ድንጋይ ውስጥ ሆነው የስብረት ቁጥራቸው ከተለያየ፣ አንዱን መልሶ ሌላውን የሚያሳልፍ አንግል ይኖራል ማለት ነው። ዊልያም ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1828 ያደረገው ይህንን ነው። ካልሳይቱን በሰያፍ ቆርጦ በካናዳ በለሳም አጣበቀው። የበለሳሙ ቁጥር 1.55 አካባቢ ነው፤ ከኦ ያንሳል። ስለዚህ ኦ መገናኛው ላይ ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ወደ ጎን ይወጣል፣ ኢ ያልፋል። እኔ ግን ሙጫ በሌለው፣ የአየር ክፍተት ባለው የግላን ፕሪዝም ነው የጀመርኩት። ስሌቱ ይቀላል።

እውነትም ይቀላል። 1ን ለ1.658 አካፍላችሁ ሳይኑ ያ የሆነውን አንግል ስትፈልጉ 37.1 ዲግሪ ይመጣል። ኦ ከዚህ በላይ አዘንብሎ ክፍተቱን ከመታ መውጣት አይችልም። ለኢ ደግሞ 1ን ለ1.486 ነው፤ 42.3 ዲግሪ። መቁረጫው በሁለቱ መካከል ይሁን፣ በቃ። 5.2 ዲግሪ የምታህል መንገድ አለችን። ወደ 42.3 በተጠጋሁ ቁጥር የኢ ብክነት ስለሚጨምር 38.5ን መረጥኩ። ዲዛይኑን በአንድ ማታ ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያልፍ አሰላሁ። ከክፍተቱ ሁለት ገጾች በኋላ 55 በመቶ። የውጭዎቹን ሁለት ገጾች ስጨምር 51 በመቶ ሆነ። ቆይ፣ ኢ እኮ ማለፍ ያለበት ጨረር ነው! ግማሹ የት ገባ?

ሁለት ቀን ፎርሙላ ሳገላብጥ ከረምኩ። ፎርሙላው ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ በሥዕሌ ላይ ዘንጉን ያሰመርኩበት ቦታ ነው። ወረቀቱን እንደ ጎን ሥዕል አስቡት። ብርሃኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ክፍተቱ ሰያፍ መስመር ነው። እኔ የክሪስታሉን ዘንግ ከወረቀቱ ወደ እኔ እንዲወጣ አድርጌ ነበር የሣልኩት። ስለዚህ የሚያልፈው ኢ ጨረር የሚርገበገበው ከወረቀቱ ወደ እኔና ከእኔ ወደ ወረቀቱ ነው። ይህ አቅጣጫ ኤስ ይባላል፤ ከጀርመንኛው ዜንክሬሽት፣ ቀጤ ነክ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በወረቀቱ ገጽ ላይ የሚርገበገበው ደግሞ ፒ ነው። ሰያፍ ገጽ ኤስን አጥብቆ ያንጸባርቃል። ፒ ግን የብሩስተር አንግል የሚባል ውለታ አለው፤ እዚያ ላይ ምንም አይንጸባረቅም። ለዚህ ኢ ጨረር ወደ አየር ሲወጣ 34 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከእኔ 38.5 ብዙም አይርቅም።

ዘንጉን 90 ዲግሪ አዙሬ በወረቀቱ ገጽ ላይ አስተኛሁት። መቁረጫው ያው 38.5፣ ድንጋዩ ያው ካልሳይት። በክፍተቱ የሚያልፈው ከ55 ወደ 95 በመቶ ዘለለ። የውጭ ገጾቹን ጨምሮ 88 በመቶ ገደማ። ሒሳቤ ካልሳይቱን እንደ ተራ መስታወት ስለሚቆጥረው ግርድፍ ነው፤ ልዩነቱ ግን እንዲህ ግልጽ ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ሥዕል ስምም አለው፦ ግላን-ፉኮ። ሁለተኛው ግላን-ቴይለር ይባላል። አርቻርድና ቴይለር ማሻሻያውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር ይህ ፕሪዝም ግራና ቀኝን እኩል አለማየቱ ነው። በ38.5 ዲግሪ ሲቆረጥ፣ ለኦ የተረፈው ትርፍ 1.4 ዲግሪ ብቻ ነው። ከውጭ ስናየው 2.3 ዲግሪ ያህል። በዚህ በኩል ጨረሩ ከዚያ በላይ ካዘነበለ ኦም ሾልኮ ያልፋል፤ ፖላራይዜሽኑ ተበላሸ ማለት ነው። በሌላው በኩል ደግሞ እስከ 5.6 ዲግሪ ይታገሳል። ከዚያ ካለፈ ኢም ይታገድና ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ የሚሰፋ ጨረር ይዞ ግላን ውስጥ መግባት አያዋጣም።

መሥራትም ሞክሬያለሁ፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። ካልሳይት በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 3 ነው፤ ጥፍርን የሚበልጠው ለትንሽ ነው። በዚያ ላይ የራሱ የመሰንጠቂያ ገጾች አሉት። በውኃ የራሰ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ስፈገፍገው ሃያ ደቂቃ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ቀጭ አለ። ጠርዙ በራሱ በድንጋዩ ምርጫ፣ እኔ ባልመረጥኩት አንግል፣ ልስልስ ብሎ ተነሳ። የተሰነጠቀው ገጽ እኔ ከሞረድኩት መቶ እጥፍ ያበራል።

ወደ ወላስተን ፕሪዝም የሄድኩት ተናድጄ ነው። ይኸኛው ማንንም አያባርርም፤ ሁለቱንም ጨረሮች አውጥቶ ያለያያቸዋል። ሁለት ሽብልቆች በሰያፍ ተገጥመዋል። ኤክሴሉን ሠርቼ ስጨርስ መለያያው አንግል ዜሮ ወጣ። ደገምኩት፣ ዜሮ። አሁን ግን ብልህ ሆኛለሁና ፎርሙላውን ትቼ መጀመሪያ ዘንጉን አየሁ። የሁለቱንም ሽብልቆች ዘንግ በአንድ አቅጣጫ ነበር ያደረግኩት። እንደዚያ ከሆነ አንድ ጠርብ ድንጋይ ነው እንጂ ፕሪዝም አይደለም!

ትክክለኛው፣ ሁለቱ ዘንጎች እርስ በርስ 90 ዲግሪ መሆናቸው ነው። ያኔ በመጀመሪያው ሽብልቅ ኦ የነበረው በሁለተኛው ኢ ይሆናል። ከ1.658 ወደ 1.486 ይወርዳል። ጓደኛው ተቃራኒውን ይወጣል። አንዱ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ሌላው ወደ ታች። ሽብልቁ 45 ዲግሪ ሲሆን አንዱ በ10.6፣ ሌላው በ9.4 ዲግሪ ይወጣሉ። ድምሩ 20 ዲግሪ ነው። ብዙ ሥዕሎች እኩል አድርገው ይሥሏቸዋል፤ እኩል አይደሉም። በኳርትዝ ቢሠራ ልዩነቱ 0.009 ብቻ ስለሆነ መለያያው 1 ዲግሪ ላይ ይቀራል። አንድ ሜትር ርቆ በሁለቱ ነጥቦች መካከል 18 ሚሊ ሜትር ነው። ጠበብ ያለ መለያያ ለሚፈልግ ግን ይህ ጥሩ ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ እንደ ካልሳይት አይሰባበርም።

ወደ ኪዩቡ ልመለስ። ኪዩብ ውስጥ ክሪስታል የለም፤ ተራ መስታወትና ስስ ንብርብሮች ናቸው። የዚህ ሐሳብ ባለቤት ማክኒል ነው፣ የፈጠራ መብቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946። ከፍተኛና ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸውን ንብርብሮች በየተራ ትደረድራላችሁ። መገናኛዎቻቸውን ብርሃኑ በብሩስተር አንግል እንዲመታ ታደርጋላችሁ። ፒ አንድም ቦታ ሳይንጸባረቅ ያልፋል። ኤስ በየመገናኛው እየተንጸባረቀ ተደምሮ ይመለሳል።

ዚንክ ሰልፋይድን በ2.35፣ ማግኒዚየም ፍሎራይድን በ1.38 ይዤ አሰላሁ። በ45 ዲግሪ እንዲሠራ የመስታወቱ ቁጥር 1.68 መሆን አለበት። ከባድ መስታወት ነው። ቁጥሩ 1.517 በሆነው በተለመደው መስታወት ልሥራ ካልኩ አንግሉ 51.7 ዲግሪ ይመጣል። ማለትም ኪዩቡ ኪዩብ መሆኑ ይቀራል።

የንብርብሮቹን ውፍረት ሳሰላ እንደገና ወደቅኩ። የሩብ ሞገድ ደንቡን (የንብርብሩ ውፍረት በውስጡ ያለው የሞገድ ርዝመት ሩብ ይሁን የሚለውን) እንደ ቀጥታ ብርሃን ሠራሁት፤ 633 ናኖ ሜትርን ለአራት፣ ከዚያ ለስብረት ቁጥሩ። 67 እና 115 ናኖ ሜትር ወጣ። ትንሽ የፓይተን ኮድ ውስጥ ሳስገባው የኤስ ነጸብራቅ ወደ ሰማያዊው ሸሽቶ ቀዩ ከዳር ቀረ። ንብርብሩ ውስጥ ጨረሩ አዘንብሎ እንደሚሄድ ረስቼ ነበር። በዚንክ ሰልፋይዱ ውስጥ 30.4፣ በፍሎራይዱ 59.6 ዲግሪ። ለየአንግሉ ኮሳይን ሳካፍለው 78 እና 227 ናኖ ሜትር ሆነ። ፍሎራይዱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በሰባት ንብርብር ብቻ የኤስ ነጸብራቅ 99.8 በመቶ ደረሰ። ኮምፒውተሩ ፊት ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የገዛሁት ኪዩብ ላይ ፖላራይዘር ይዤ ስፈትሽ ቀጥታ ያለፈው ጨረር ጭልም ይላል። በጎን የሚወጣው ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የሆነ ጭላንጭል ይቀራል። አሁን ምክንያቱ ይገባኛል። ኤስ እንዳያልፍ ንብርብር መጨመር ይበቃል። ፒ እንዳይንጸባረቅ ግን አንግሉም ቁጥሮቹም ልክ መሆን አለባቸው፤ ትንሽ ከሳቱ ፒ ወደ ጎን ይፈሳል። ስለዚህ ንጹሕ ጨረር የምፈልገው ከጎን በኩል ከሆነ እዚያ ላይ አንድ ፖላራይዘር እጨምራለሁ። ያለፈው ጨረር እንኳ በተለመዱት ኪዩቦች ከ1,000 አንድ ገደማ ያመልጠዋል። ጥሩ የካልሳይት ግላን ከ100,000 አንድ ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሁሉ በማርከር ቀስት ተሥሎበታል። ፖላራይዘሩ፣ ኪዩቡ፣ ፖይንተሩ፣ ሌላው ቀርቶ ጠርዙ የተነሳው ካልሳይት። ኤክሴሉም ከአንግሉ በፊት የሚሞላ አንድ ዓምድ ተጨምሮለታል፦ ዘንግ ወዴት፣ ንዝረት ወዴት። ካልተሞላ ቀጣዩ ሴል ቀይ ይሆናል። የሚቀጥለው ሥራዬ ባለ 51.7 ዲግሪው ነው። ፕሪዝሞቹን ከተራ መስታወት እሞርዳለሁ፤ መስታወት ቢያንስ የራሱ ምርጫ የለውም። ንብርብሩን ቤት ውስጥ መቀባት ስለማይቻል ለጊዜው ሥራው ቅርጹ ላይ ብቻ ነው።