ኤልደር ያው

ዛሬ የወሩ የመጀመሪያው እሑድ፣ የእኛ የሞርሞኖች የጾም ቀን ስለሆነ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመስኩም። እናቴ በበኩሏ ሁዳዴ ላይ ናት፤ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቡና መቁላት ጀመረች፣ ጭሱም እንደ ልማዱ እኔ ካለሁበት ክፍል ገባ። በአንድ ቤት ሁለት ጾም አለ፣ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። እሷ ሥጋና ወተት ትታ ቡናዋን ትጠጣለች፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ ቡና አልቀምስም፣ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ምንም። «በሰንበት እህል ውሃ የሚከለክል ጾም የት አገር ነው ያለው?» ማለት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ በእሷ ሥርዓት ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት ይታቀቡባቸዋል እንጂ፣ ከቀዳም ስዑር በቀር፣ ሲራቡ አይውሉባቸውም። መልስ ስለማልሰጣት የቡና ቁርሱን እንደ ዋዛ አጠገቤ አስቀምጣ ትሄዳለች። ዛሬም የገብስና የሽምብራ ቆሎ በሳህን አድርጋ ከጠረጴዛዬ ጥግ አኑራለች።

ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ረሃቡ አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ምክንያቱን ያላወቅሁት ቅር የማለት ስሜት ልቤ ላይ ተቀምጦ ስለዋለ፣ እሱን በወረቀት ላይ ለማየት ነበር። ሆኖም ባዶ ሆዴ ሁልጊዜ የሚወስደኝ ወደ ጋናዋ ከተማ ወደ ኩማሲ ነው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለሁለት ዓመት ሚሲዮናዊ ሆኜ ወደ ጋና ስላክ ደረቴ ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ ተደረገልኝ፤ የአባቴ ስም ተጽፎበት ከፊቱ «ኤልደር» የሚል ማዕረግ ነበረው። በአማርኛ «ሽማግሌ» ማለት መሆኑን ስነግራት እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ጢም ሳታበቅል? ለመሆኑ ማንን ልታስታርቅ ነው፣ የማንንስ ልጅ ልትጠይቅ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሽማግሌ ተብዬ ለአያቶቼ ዕድሜ ለደረሱ ሰዎች ስለ ትዕግሥት ሳስተምር በኖርኩባቸው ወራት ካልሲዬን እንኳን በወጉ ማጠብ አልችልም ነበር።

እዚያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥተን፣ ከአይዳሆ ከመጣው ባልደረባዬ ጋር የኩማሲን ቀይ አቧራ ስንረግጥ እንውላለን፤ ደንቡ ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ ስለሆነ ከመታጠቢያ ቤት በቀር የትም አንለያይም ነበር። በጾም እሑድ የተመደበ ሰባኪ የለም፤ ልቡ ያነሣሣው ሁሉ ወደ ፊት ወጥቶ ይመሰክራል። በምንኖርበት በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ የለመድኩት ምስክርነት ድምፁ ዝግ ያለና መሐረብ የሚበዛበት ነበር። የኩማሲዎቹ ግን በእንግሊዝኛ ጀምረው ነገሩ ሲከብዳቸው ወደ አገራቸው ቋንቋ ወደ ትዊ ይሻገራሉ፣ እኔም ቃሉን ሳልረዳ የድምፁን አወራረድ ብቻ ተከትዬ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ከበሮም ጭብጨባም በሌለበት አዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያኗ መቀመጫ በሶልት ሌክ የሚዘመረውን ያንኑ መዝሙር እንዲያ ሞቅ አድርገው ማዜማቸው እስካሁን ይገርመኛል። ጾሙ ሲፈታ ከአንዱ ቤት ፉፉ ይቀርብልናል። ባልደረባዬ ማንኪያ ሲፈልግ እኔ በቀኝ እጄ በመጀመሬ ሁሉም አደነቁኝ፤ አድናቆቱ የቆየው እንደ እንጀራ ማኘክ እስክጀምር ድረስ ነበር፣ ፉፉ ይዋጣል እንጂ አይታኘክም።

ከምእመናኑ ሁሉ አንድ ጡረታ የወጡ አናጺ ነበሩ፤ እውነተኛው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እምነቴ ሳይሆን በየትኛው ቀን እንደ ተወለድኩ ነበር፣ ምክንያቱም አካን የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ልጅ የሚሰይሙት በተወለደበት ዕለት ነው፤ የዓርብ ልጅ ኮፊ፣ የቅዳሜ ልጅ ክዋሜ ይባላል። እናቴ ደጋግማ የነገረችኝ በገብርኤል መወለዴን ብቻ ስለሆነ ዕለቱን አላውቅም አልኳቸው። እሳቸውም ልጅ የተወለደበትን ዕለት የማያውቅ ቤተሰብ አለ ወይ በሚል ፊት ተመለከቱኝና የልጅ ልጃቸውን በስልክ አስቆጠሩ። ሐሙስ ሆነ። የሐሙስ ወንድ ልጅ ስሙ «ያው» ነው። ሰኞ የዕረፍት ቀናችን ስለሆነና ከፈረንጆቹ 2019 ወዲህ በየሳምንቱ ቤተሰብ ማነጋገር ስለሚፈቀድ፣ ይህንኑ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «እሰይ፣ አልተለወጥክም ማለት ነው» አለች።

እኒህ ሰው ጁን 14 ቀን 1989 የጋና መንግሥት የቤተ ክርስቲያናችንን የውጭ ሚሲዮናውያን አስወጥቶ ቤተ ጸሎቶቹን ባሸገ ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ። እስከ ኖቬምበር 1990 ድረስ በየቤታቸው ተሰብስበው፣ በእኛ ሥርዓት ለቁርባን የሚቀርበውን ዳቦና ውሃ ራሳቸው እየባረኩ፣ ከውጭ ማንም ሳይመጣላቸው ቆዩ። ከዚያም ቀደም ብሎ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ፣ መጽሐፈ ሞርሞንን አንብበው በራሳቸው ጉባኤ መሥርተው የሚጠባበቁ ጋናውያን ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን እስከ ጁን 1978 ድረስ ለጥቁር ወንዶች ክህነት አትሰጥም ነበር። ታሪኩን አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ የማላውቀው አንድ ሰው ሳንቃ እየላገ፣ ድምፁን ሳይለውጥ ሊያወራው እንደሚችል ነበር። ያ ትዕግሥት ይሁን ሌላ ስም ያለው ነገር አሁንም አልገባኝም፤ እኔ ብሆን ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ እንኳን የምጠብቅ አይመስለኝም። እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው ነው ስለ ጽናት ትምህርት ይዤ የሄድኩት፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው አዳምጠው «ጥሩ ነው፣ ያው» አሉኝ፣ በአማርኛ ምን እንዳሉ ሳያውቁት።

ከጋና ይዤው የተመለስኩትና እስካሁን ያላስቀመጥኩት ሸክም ግን ሌላ ነው። አንድ ከዩታ የመጡ አረጋዊ ከባለቤታቸው ጋር እዚያው ያገለግሉ ነበር። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ እጄን ይዘው ዝም አሉ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ የቤተ ክርስቲያኗ ምእመናን በአሜሪካና በካናዳ ሁለት ሁለት ማዕድ ጾመው ዋጋውን ለረሃብተኞች እንዲሰጡ ተጠይቀው ነበር፣ በዚያም ቀን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እሳቸው ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ። «ለአንተ አገር ጾሜአለሁ» አሉኝና ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እኔን የሚያዩኝ ከብዙ ዓመት በፊት የዘሩት እህል አሁን በቅሎ እንዳገኙት ገበሬ ነበር። ምን እንደሚባል አላውቅም ነበርና «አመሰግናለሁ» አልኩ። ምሽቱን ሙሉ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ በሰሌዳዬ ሰጪ ነበርኩ፣ በፊታቸው ግን ስንዴ የተቀበለው ሰው እኔው ሆኜ ቆምኩ፣ ያውም ገና ሳልወለድ በተላከ ስንዴ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናቴ ደሴ ውስጥ ልጅ ነበረች። በማግሥቱ ሰኞ ስለሆነ ደወልኩላትና የሰውየውን ነገር ነግሬ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳየች ጠየቅኋት። ስለዚያ ዓመት አውርታልኝ አታውቅም። ከወዲያ በኩል ዝምታው ረዘመ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ቀጥላ ያለችው «ምን በልተህ ዋልክ?» ነበር።

ሩዝ ነው አልኳት። በምን ወጥ? አለችኝ። በዚያው ቀረ።

ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ልጠይቃት ሞክሬ ነበር። አንዱን ጊዜ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና በቤልትዌይ ስንነዳ፣ እሷ «ያንተ ግንብ» የምትለው ባለ ስድስት ማማው ነጭ ቤተ መቅደስ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል አጋጣሚው ጥሩ መስሎኝ ጀመርኩ፤ መውጫውን እንዳታልፈው አለችኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በጾም እሑድ፣ ልክ እንደ ዛሬው፣ «ያኔ የጾሙልን ሰዎች እኮ እንዲህ አድርገው ነው» አልኳት። ቀና ብላ አይታኝ፣ «እኛ ያኔ ስንት ቀን እንደ ጾምን ማን ቆጠረልን?» አለችና ስኒዎቹን ማጠብ ቀጠለች። ይህ ከእሷ ያገኘሁት ሙሉ መልስ ነው። ጾም ማለት ምግብ እያለ መተው ነው ብዬ ያስተማርኩ ሰው ምን ልመልስላት እችል ነበር? ደግሞስ የእሷን ረሃብ በእኔ የአንድ ቀን ጾም በኩል ለመረዳት መሞከሬ አክብሮት ነው ወይስ ድፍረት?

ይህን ጥያቄ ጽፌ ብዕሬን ሳስቀምጥ እናቴ በር ላይ ቆማለች። ሦስተኛው ቡና አልቋል፣ ረከቦቱም ተነሥቷል። የምታየው እኔን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነው። ሳህኑ ውስጥ የቀረው ቆሎ እፍኝ አይሞላም፣ ግራ እጄም እዚያው ነው። መቼ እንደ ጀመርኩ፣ ከኩማሲ ይሁን ከደሴ ላይ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ጾሜን መግደፌ ሳያንስ ጠዋት ስጀምረው ስለ ምን እንደምጾም መጸለዩንም መርሳቴ አሁን ነው ትዝ ያለኝ፤ ያለ ዓላማ የሚጾም ጾም ረሃብ ብቻ ነው እያልኩ ለስንቱ አስተምሬአለሁ።

እናቴ ሳህኑን አነሣች። ልትስቅም ልትቆጣም ትችል ነበር።

«ያው» ብላ ሄደች።