የዳማ ኬክ ከካርቶን ዱቄት

በካርቶን ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የኬክ ዱቄት ለስላሳ ኬክ እንዲወጣው ተብሎ የተቀመመ ነው፤ ስኳሩ በርከት ያለ፣ ዱቄቱም በቀላሉ የሚቦካ ነው። ይህ ልስላሴ ተቆርሶ ወዲያው ለሚበላ ኬክ መልካም ሲሆን፣ ሲቆረስ ውስጡ እንደ ዳማ ገበታ በሁለት ቀለም እንዲታይ በቀለበት በቀለበት ተቆርጦ እንደገና ለሚገጣጠም የዳማ ኬክ ግን ጣጣ ነው። ጥንካሬው ከሊጡ ካልጀመረ ደግሞ በኋላ የሚለቀለቀው ክሬም አያድነውም።

ስለዚህ ትናንት ማታ አንድ የቫኒላና አንድ የቸኮሌት ካርቶን ሳዘጋጅ፣ የታዘዘውን ውሃ በወተት፣ ዘይቱን በቀለጠ ቅቤ ተካሁ፤ ለየሊጡም አንድ አንድ እንቁላል ጨመርሁ። እንቁላሉ በሙቀት ሲረጋ ኬኩን ያያይዘዋል። የቅቤው ጥቅም ግን ጎልቶ የሚታየው ከምድጃ ከወጣ በኋላ ነው፤ ዘይት ፍሪጅ ውስጥም ፈሳሽ እንደሆነ ሲቀር ቅቤ ስለሚጠጥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ያደረው ኬክ ዛሬ ጠዋት ቢላ ሲያርፍበት ጥርት ብሎ ተቆረጠ። የምድጃውንም ሙቀት ከ175 ወደ 160 ዲግሪ ዝቅ ስላደረግሁት መሃሉ ብዙም አላበጠም።

ብዙ ያሳሰበኝ ልኬቱ ነው። መጋገሪያዎቼ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላላቸው፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለውን 10 ሴንቲ ሜትር ለሦስት ስናካፍል የመሃሉ ክብ 6.7፣ ቀጣዩ 13.3 ሴንቲ ሜትር ግድም ስፋት ይኖረዋል። የመሃሉን ክብ እንደ ቀለበቶቹ ውፍረት 3.3 ብቻ ማድረግ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ኬክ የሚቆረሰው ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሆነ በቁራሹ ላይ የሚታየው የክቡ ግማሽ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ንብርብር ቁመትም ከ3.3 ብዙ ካልራቀ ገበታው በእርግጥ የዳማ ገበታ ይመስላል።

ከየካርቶኑ ሁለት ሁለት ክብ ስለወጣ፣ መለዋወጥ ያስፈለገኝ የመካከለኛውን ቀለበት ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ንብርብር በቸኮሌት ጠርዝ፣ ሁለቱ በቫኒላ ጠርዝ ሆነው ተፈራረቁ። ቀለበቱን በጣት ማንሣት መስበር ስለሆነ ስስ ካርቶን ከሥሩ አስገብቼ አንሸራተትሁት። እንዲያም ሆኖ የቸኮሌቱ አንዱ ቀለበት ተሰነጠቀ፤ ቦታው ላይ ሲገባ ግን ስንጥቁ ተገጣጥሞ ጠፋ። በቀለበቶቹ መጋጠሚያ ላይ የቅቤ ክሬም እጅግ በስሱ መቀባት ይበቃል፤ ከበዛ በቁራሹ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ የዳማውን መልክ ያበላሻል። ከውጭም መጀመሪያ ፍርፋሪውን የሚይዝ ስስ ቅብ ለብሶ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ቆየ፤ ከዚያ ዋናው ክሬም ተለቀለቀ።

ለመቁረጥ የረዳው ቅዝቃዜ ለመብላት አይመችም። ቅቤው እንደጠጠረ ሲቀርብ ኬኩ ደረቅ ይመስላል፣ የቸኮሌቱም ጣዕም ይደበዝዛል፤ ስለዚህ እንግዶች ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ከፍሪጅ አወጣዋለሁ።